ዘሩን እንደ ዝናቡ፣ ትምህርቱን እንደ ኔትወርኩ

መልካሳ ሰፈራችን ያለች አንዲት ልጅ ዘንድሮ በአንድ የግል ኮሌጅ የኦንላይን ትምህርት ጀምራለች። ቀን ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ስልኳን ይዛ መጣችና «የመምህሩ ፊት ደርቆ ይቆማል፣ ከዚያ ያስወጣኛል። የሳምንቱን ፓኬጅ በሁለት ማታ ጨረስኩት። ልተወው እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩን አውቀዋለሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ሲዘጉ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሳምንታት ጠፋ። ያኔ የቀረልኝ ቀድሜ ያወረድኩት ፒዲኤፍ ብቻ ነበር።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የቪዲዮ ክፍል በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ይበላል እንበል። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ሲሆን ለአንድ ኮርስ ብቻ 24 ጊጋባይት ነው። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ ተቀድቶ፣ ፋይሉ ተጨምቆ ቢላክ በሰዓት 15 ሜጋባይት ገደማ፣ በጠቅላላው ከአንድ ጊጋባይት በታች ይሆናል። መሣሪያውን የሚመርጠው ኮሌጁ ነው፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ግን ተማሪዋ ናት። መራጩና ከፋዩ ሲለያዩ ምርጫው ውድ መሆኑ አይቀርም።

«ታዲያ ቴሌግራም አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ግን የካቲት 2015 ዓ.ም. ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር ተገድቦ ለወራት መቆየቱን አንርሳ። ሙሉ ኮሌጅ በአንድ አፕ ላይ አይንጠለጠልም።

ሙድል የሚባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። የስልክ አፑ ትምህርቱን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ሰርቨርና ባለሙያ ይፈልጋል፣ ወጪ አለው። ግን ወጪው የኮሌጁ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። የቀጥታ ቪዲዮውም ይቅር አልልም። ለጥያቄና መልስ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ስም መቆጣጠሪያ ግን አይሁን።

እዚሁ አጠገባችን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በስሙ የሚጠሩት የበቆሎ ዝርያዎች ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ ተብለው የተመረጡ፣ ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ተመራማሪው ዝናብ እንደ ልብ በሚዘንብበት አገር ብዙ ምርት የሚሰጠውን ዘር አምጥቶ ለስምጥ ሸለቆ ገበሬ አያድልም። ኮሌጆቻችን ግን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሰርቨር ላይ የተቀመጠ፣ ተማሪው ሊከፍተው የማይችል ቪዲዮ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ልጅቷን «አትተዪው» አልኳት። ለኮሌጆቹ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ከቢሮው ዋይፋይ ውጡና በራሳችሁ ብር ፓኬጅ ገዝታችሁ፣ በርካሽ ስልክ አንድ ሳምንት ተማሩበት። ካላለቀባችሁ ያኔ ምረጡት።