ቆላ ሲወርዱ የሚለግም የመኪና ማቀዝቀዣ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ በመሆኗ ነዋሪዎቿ በተለምዶ ኤሲ የሚባለውን የመኪና ማቀዝቀዣ እምብዛም አይፈልጉትም። ይሁን እንጂ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ጣርማ በርን ዘልቀው፣ ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ በአንድ ጠዋት ጉዞ የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይመጣል ማለት ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛም ይህንኑ ያያል። ወራት ሙሉ ያልተነካው ኤሲ የሚለግመውም እዚሁ፣ ሕፃን በታቀፈበት ሰዓት ነው።

በዚህ ጊዜ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» የሚለው ቃል ነው። ነገር ግን ውድ እኅቶች፣ የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተመላለሰ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ስለዚህ ጋዙ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት ገንዘብን በወንፊት እንደ መቅዳት ይቆጠራል።

ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

በመጀመሪያ የሙቀት መምረጫው ወዴት እንደዞረ ይዩ። በደብረ ብርሃን ብርድ ማሞቂያው ተከፍቶ በቀዩ በኩል ተረስቶ ከሆነ፣ ኤሲው ያቀዘቀዘውን ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል።

ሁለተኛ፣ የሚነፍሰውን አየር በእጅዎ ይለኩ። ነፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ጋዝ ሳይሆን በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። ጨርሶ የማይነፍስ ከሆነ ፊውዙን ወይም ማራገቢያውን ማስመርመር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ነፋሱ ብርቱ ሆኖ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሌላ ሰው ኤሲውን ሲያበራና ሲያጠፋ ኮምፕሬሰሩን ከራቅ ብለው ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች ላይ ኤሲው ሲበራ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና መካከለኛው ክብ ብረት መዞር ይጀምራል። ካልዞረ ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ጋዙ እጅግ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሲሠራ ነጠላ፣ ሻሽና የተፈታ ፀጉር ወደ ቺንጊያውና ወደ ማራገቢያው መጠጋት የለበትም። ማራገቢያው ሳይታሰብ በራሱ ይነሣልና።

አራተኛ፣ መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ከፊት ለፊት ያለው ማራገቢያ አልሠራ ብሎ ወይም ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በጭቃና በአቧራ ተሸፍኖ ይሆናል። በመመለሻው የጣርማ በር ዳገት ላይ የሞተር ሙቀት መለኪያው ሲወጣ ካዩ ግን ኤሲውን አጥፍተው ሞተሩን ያሳርፉ።

ኤሲው ሲሠራ ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚል ንጹሕ ውሃ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ስለሆነ አያስጨንቅም። በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የቅባት እድፍ ካዩ ግን ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒኩ ያሳዩ። ቧንቧውን ራስዎ አይፍቱ። በግፊት የሚወጣው ጋዝ ዓይንንና ቆዳን በብርድ ያቃጥላል።

መካኒኩንም ያለ ሐፍረት ይጠይቁ። ጋዙ ከመሞላቱ በፊት የሚያፈሰው ቦታ ተፈትሿል ወይ? የሚሞላው ጋዝ በኮፈኑ ሥር ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር በዓይነትም በግራምም ይስማማል ወይ? የቀድሞው የኤሲ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1980 ዓ.ም. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቆም የተደረገ ሲሆን በሌላ ተተክቷል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ መሙላትማ እሳትን በቤተሰብ መካከል ማስቀመጥ ነው።

ኤሲው መንገድ ላይ ከተበላሸ ለሕፃናት ቅድሚያ ይስጡ። መስኮት ይከፈት፣ ልብስ ይቅለል፣ ፊትና አንገት በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መኪናውን አቁመው ጡት ቶሎ ቶሎ ይስጡ፤ ከፍ ላሉት ውሃ ያጠጡ። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ የልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ስለዚህ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ልጅን በመኪና ውስጥ ትቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም። ልጁ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ሰውነቱ እጅግ ከጋለ እያቀዘቀዙ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

ደገኞች በመጨረሻ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቧንቧው ውስጥ ከጋዙ ጋር የሚዞር ዘይት ስላለ፣ ኤሲው ለወራት ካልተነካ ማሸጊያ ጎማዎቹ ደርቀው ማፍሰስ ይጀምራሉ። ስለሆነም በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ፣ ለ10 ደቂቃ ያብሩት። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ በጣርማ በርና በአንኮበር ጉም ጊዜ የመስተዋቱን የውስጥ ላቦት ያጠራል። ለዚሁ ሲባል ከማሞቂያው ጋር አብሮ ቢበራም ጉዳት የለውም።