ሃላንድ «ኦቨርሬትድ» ነው? ጥያቄው ለእኛም አጥቂዎች ይተርፋል

ኦስሎ ውስጥ ሁለት ሐበሻ ኳስ ወዳዶች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ክርክሩ የታወቀ ነው። አንዱ «ሃላንድ የዓለም ቁጥር አንድ አጥቂ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወው፣ ኦቨርሬትድ ነው፤ ቆሞ ኳስ ይጠብቃል፣ የሚያገባውም ደካማ ቡድን ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ኖርዌይ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ ነገሩ ይበርዳል ብለን ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አልበረደም። እንዲያውም በምድቧ ፈረንሳይና ሴኔጋል ከደረሷት ወዲህ «አሁን እናየዋለን» የሚለው ወገን ድምፁን ከፍ አድርጓል።

የእኔ ሙያ ሶፍትዌር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ሲስተም ቀርፋፋ ነው» ካለ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከምን ጋር ሲነጻጸር? በምን ተለካ?» ብለን ነው። «ከልኩ በላይ ተወራለት» የሚለውም አባባል ሁለት ነገር ያወዳድራል፤ የሚወራለትን እና የሚሠራውን። አብዛኛው ተከራካሪ ግን አንዱንም አይለካም። እስቲ እንለካው።

በ2025 በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኖርዌይ 8 ጨዋታ ተጫውታ 8ቱንም አሸነፈች። 37 ጎል አገባች፣ 5 ብቻ ገባባት። ከ37ቱ 16ቱ የሃላንድ ናቸው። «ሞልዶቫ ላይ ነው ያገባው» የሚለው ክስ ከፊሉ እውነት ነው፤ ኡሌቮል ላይ 11 ለ 1 ሲያሸንፉ ብቻውን 5 አግብቷል። ታዲያ ያንን ጨዋታ ከነጭራሹ እንሰርዘው። የሚቀረው 7 ጨዋታ፣ 11 ጎል ነው። በ8ቱም ጨዋታ አግብቷል። ኢስቶኒያ ላይ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ያቺ አንድ ጎል የእሱ ነበረች። ጣሊያን ላይ በሁለቱ ጨዋታ 3 አገባ፤ ሁለቱን ሳን ሲሮ ላይ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ውስጥ። የጆርገን ዩቨ 33 ጎል ከ1930ዎቹ ጀምሮ የኖርዌይ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቶ ነበር። ሃላንድ በጥቅምት 2024 ሰበረው፤ ማጣሪያው ሲያልቅ ደግሞ በ48 ጨዋታ 55 ጎል ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ሚዛን «የተጋነነ ነው» ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ክስ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ «እሱ እያለ ኖርዌይ የት ደረሰች?» የሚለው። ሃቅ ነው። ሃላንድ ቡድኑ ውስጥ እያለ በ2020 ከሰርቢያ ጋር በተደረገው የመለያ ጨዋታ ኡሌቮል ላይ ተሸንፈው ከአውሮፓ ዋንጫ ቀሩ። ኳታር 2022 ላይም አልተገኙም። ለ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከስፔንና ከስኮትላንድ በታች ሆነው ቀሩ። በሰኔ 2023 ከስኮትላንድ ጋር የተደረገውን ጨዋታ እዚህ አገር የሚኖር ሰው አይረሳውም። ሃላንድ በፍፁም ቅጣት ምት መሪ አደረጋቸው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ ወጣ፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየ ስኮትላንድ ሁለት አግብታ አሸነፈች።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ሃላንድ ደካማ አጥቂ ነበር? በ2022/23 በፕሪሚየር ሊጉ 36 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን የሰበረው ያው ሰው ነው። የተቀየረው ዙሪያው ነው። ኦዴጋርድ በሰለ፣ ሶርሎት አብሮት መሰለፍ ለመደ፣ ናይጄሪያዊ አባት ያለው ወጣቱ ኑሳ በክንፍ በኩል መጣ። ሳን ሲሮ ላይ ኖርዌይ እየተመራች ሳለ አቻ ያደረጋት ኑሳ ነበር፤ የሃላንድ ሁለት ጎሎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አጥቂ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። ሰንሰለቱ መሀል ላይ ከተበጠሰ ጥፋቱ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው። በእኛ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ዳታቤዙ ሲበላሽ ተጠቃሚው የሚሳደበው ስክሪኑን ነው።

«ቆሞ ይጠብቃል» ለሚሉትም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በነሐሴ 2022 ማንቸስተር ሲቲ ቦርንመዝን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ሃላንድ ኳስ የነካው 8 ጊዜ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ሳቀበት። ግን ሁለት የመሀል ተከላካይ ቀኑን ሙሉ እሱን ሲጠብቅ ከዋለ ለሌላው ሜዳው ይሰፋለታል። ይህን ካሜራ አያሳይም፣ የውጤት ሰሌዳም አይጽፈውም። ሮይ ኪን በ2024 ከአርሰናል ጋር 0 ለ 0 ከተለያዩ በኋላ የሃላንድን አጠቃላይ ጨዋታ የዝቅተኛ ሊግ ተጫዋች ነው እስከማለት ደርሶ ነበር። ከኳስ ጋር ያለው ቅብብል ደካማ ነው ማለቱ ያስኬዳል። ነገር ግን የአጥቂን ዋጋ በቅብብል ብቻ መለካት አናጢን በቀለም ቅቡ እንደመመዘን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

በጥቅምት 2012 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር፣ ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ስንቱ ነው የሱዳኑን ጎል የሚያስታውሰው? ስንቱስ የሳታትን? ሃላንድም በጥቅምት 2025 ከእስራኤል ጋር ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ዳኛው ድገም አሉት፤ እንደገና ሳተ። ከዚያ ግን ሦስት አገባ፤ ቡድኑ ኳሱን ደጋግሞ ያመጣለት ነበርና። የሳላዲን ቡድን ግን ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ይታገል ነበር።

አቡበከር ናስርንም እንይ። በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወዲያው «የአፍሪካ ኮከብ» አልነው። ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀምሮ በ10 ሰው ተጫወቱ፤ በሦስቱ የምድብ ጨዋታም 2 ጎል ብቻ አግብተው ተመለሱ። እሱም ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄዶ ጉዳት ተደራረበበት። ይሄኔ ያው ሕዝብ «ድሮም የተጋነነ ነበር» አለ። ማን አጋነነው? ልጁ 29 ጎል አገባ እንጂ ስለ ራሱ አላወራም። ያወራነው እኛ ነን፤ ዋጋውን የሰቀልነው እኛ፣ «ተወደደ» ብለን የጮህነውም እኛ።

ብሔራዊ ቡድን በዓመት የሚጫወተው ወደ 10 ጨዋታ ነው። በዚህ ላይ የእኛ አጥቂ በጨዋታ አንድ ወይም ሁለት ዕድል ቢያገኝ ነው። ከዚህ ተነስቶ ስለ አንድ ሰው ችሎታ መፍረድ ሁለት ጊዜ ሳንቲም ወርውሮ ሳንቲሙን እንደመክሰስ ነው። ቡድኑ ደግሞ አገሩ ውስጥ መጫወት እንኳ ያልቻለበት ጊዜ ነበር። በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው፤ በካፍ መስፈርት የሚያልፍ ስታዲየም አገር ቤት ስላልነበረ።

ሃላንድ ያደገባት ብሪነ ትንሽ ከተማ ናት። ልጆቹ ክረምት ከበጋ የሚጫወቱበት አዳራሽ አላት። ከእሱ ጋር ያደጉት ወደ 40 የሚጠጉ ልጆች «ጎበዝና ሰነፍ» ተብለው ሳይለዩ ለዓመታት አብረው ሠለጠኑ። በኖርዌይ የስፖርት ደንብ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም። አገሩ በልጅ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም ማለት ነው። እዚህ ልጆቻችንን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ልምምድ የምንወስድ ወላጆች ይህን በዓይናችን እናያለን። ወደ አገር ቤት ኳስ ስንዞር ግን የ20 ዓመት ልጅ በአንድ ጨዋታ እናነግሣለን፣ በሚቀጥለው እናወርዳለን።

ሰኔ ሲመጣ ሃላንድ ፈረንሳይ ላይ ላያገባ ይችላል። «አላልኩም?» የሚል አይጠፋም። ያኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ኳስ ደረሰው? ለዋልያዎቹም አጥቂ ይህንኑ እንጠይቅለት። ኳስ ደርሶት በተደጋጋሚ ከሳተ፣ አዎ፣ እንተቸው። ካልደረሰው ግን ትችቱ አድራሻውን ይቀይር፤ ወደ አማካዩ፣ ወደ አሠልጣኙ፣ ወደ ፌዴሬሽኑ፣ ሜዳ ወዳልሠራው ሰው። አጥቂው ላይ መጮህ ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት የቆመው እሱ ነውና። ችግሩ የሚፈታው ግን ከኋላው ነው።