ከፎቅ የሚወድቀው ዕቃና ከሥሩ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ

የመኸር ሰብል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ ባሉት ወራት፣ በርካታ የገጠር ወጣቶች ለቀን ሥራ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ሌሎች ከተሞች ያመራሉ። የግንባታ ሙያ ስለሌላቸው የሚመደቡት ሲሚንቶ በማቡካትና ብሎኬት በማቀበል ላይ ነው። የሚቆሙት ከግንበኛውና ከፌሮ ሠራተኛው ሥር በመሆኑ ከላይ ያመለጠው ሁሉ የሚያርፈው እነርሱ ባሉበት ነው።

ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ መዶሻ መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ተጠንቀቅ!» ተብሎ ቢጮኽም ዞር ለማለት ጊዜ የለም። ሄልሜት ጉዳቱን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ዕቃውን ከመውደቅ አያግደውም። የሚያግደው በመወጣጫው ጠርዝ የሚመታ ጣውላ፣ መረብና መሣሪያን ከወገብ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። ከሕንጻው ዋጋ አንጻር ይህ ሁሉ ኢምንት ወጪ ነው።

መወጣጫው ለአርሶ አደሩ ባዕድ አይደለም፤ ባሕር ዛፉን ቆርጦ የሚሸጠው እርሱ ነውና። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚኮማተርና እንደሚሰነጠቅ ጠንቅቆ ያውቃል። በእርጥቡ የታሰረ ገመድ ከሳምንታት በኋላ ይላላል፤ ጣውላው ሲንሸራተት የተከመረበት ብሎኬት አብሮ ይወርዳል። ማሰሪያውን በየጊዜው ማጥበቅ ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሥራ ውሉ በቃል መሆኑም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። እንቅፋቱ አሠሪው ማን እንደሆነ ማስረዳቱ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛውን የሚያሠማራው ካቦ፣ ካቦውን ንዑስ ተቋራጭ፣ እርሱን ደግሞ ዋናው ሥራ ተቋራጭ ነው። አደጋ ሲደርስ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። የአሠሪውን ሙሉ ስም እንኳ የማያውቀው ተጎጂ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ሰኔ ሲገባ ዕርፍ መጨበጥ ቢያቅተው ጉዳቱ የቤተሰቡ ሁሉ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ስም፣ የዋለበት ቀንና ክፍያው ተጽፎ የሚገኘው በካቦው ደብተር ላይ ብቻ ነው። ያንን ገጽ በየሳምንቱ በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሳትና አብረው የዋሉትን ሰዎች ስም መያዝ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ሊሆን ይችላል።