የሌላውን ታሪክ ስለ መቀጠል

በመሥሪያ ቤታችን አንድ የማከብራቸው ባልደረባ አሉ። ባለፈው ወር በዘነበወርቅ ከአንድ ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን ሳለ ከቦርሳቸው ወፍራም ደብተር አውጥተው እንዳነበው ሰጡኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በበዛብህ ሞት ማለቁ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲቈጫቸው የኖረ ነውና፣ እርሳቸው በዛብህን ከሞት አድነው፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር በደማቅ ሠርግ አጋብተው፣ ፊታውራሪ መሸሻንም ከትዕቢታቸው መልሰው መራቂ አድርገው ታሪኩን እንደ ገና ጽፈውታል። አንብቤ ስመልስላቸው «ሕዝብ ደስ ያሰኘውን ነገር አይረሳም፤ ይህ ደብተር ከእኔ በኋላ ይኖራል» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ያንን ቃል ለመቃወም ነው።

አስቀድሜ ግን ከሌሎች ተቃዋሚዎቻቸው ጋር እንዳልቈጠር ልጠንቀቅ። ፈረንጆች «ፋን ፊክሽን» የሚሉት፣ አንባቢ በወደደው መጽሐፍ ላይ የራሱን ታሪክ የሚቀጥልበት ልማድ፣ በእኛም ወጣቶች ዘንድ ሲታይ «የሰው ርስት መድፈር ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ክብረ ነገሥትን የዘነጉት ይመስለኛል። የሃይማኖቱን ነገር ለሊቃውንት ትቼ ስለ ድርሰትነቱ ብቻ ልናገር። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ የሳባ ንግሥት ነገር በ13 ቍጥሮች ያልቃል። መጣች፤ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ፈተነችው፤ እርሱም የወደደችውን ሁሉ ሰጣት፤ ወደ አገሯ ተመለሰች። የወደደችው ነገር ምን ነበር? ከተመለሰችስ በኋላ ምን ሆነ? መጽሐፉ ዝም ይላል። በ14ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ በግዕዝ ያወጡት ክብረ ነገሥት በዚህ ዝምታ ውስጥ ገብቶ 117 ምዕራፍ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ እንዴት እንደ ገባ ልብ በልልኝ። ሰሎሞንን ከጥበቡ አላወረደውም፤ ነገር ግን ያ ጥበብ በአንድ ሌሊት ምን እንደ ሠራ ሳይሸፍን ተናገረ። ቅመም የበዛበት ራት ቀረበ፤ ንግሥቲቱ ከቤቱ ምንም ላትወስድ ማለች፤ በሌሊት ጥማት ጸናባትና ውኃ ጠጣች፤ መሐላዋም በአንድ ጕንጭ ውኃ ፈረሰ። ኋላም ልጁ ወደ እናቱ አገር ከተመለሰ በኋላ ንጉሡ ታቦተ ጽዮንን አጥቶ ሲያለቅስ እናያለን። ታሪኩን የቀጠሉት ሰዎች ሰሎሞንን ይወዱታል፤ ስለሚወዱትም ዕዳውን አስከፈሉት እንጂ አልማሩትም።

«ክብረ ነገሥት የኖረው መንግሥት ስለ ደገፈው ነው» የሚለኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት የክብረ ነገሥት መጽሐፍ እንዲመለስላቸው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 ጽፈው አስመልሰዋል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የዘውዱን ትውልድ ከንግሥቲቱና ከሰሎሞን ልጅ አያይዞታል። ይሁን እንጂ ያ ዙፋን በ1967 ዓ.ም. ወደቀ፤ ታሪኩ ግን አብሮ አልወደቀም። ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ በ44 ሥዕል ከፋፍለው በሸራ ላይ ይሥሉታል። ሕዝቡም በበኩሉ ጨምሮበታል፤ የገረዷን ልጅ ለዛጔ ነገሥታት አባት ያደረገው፣ በትግራይም የዘንዶ ደም ነክቷት የንግሥቲቱ እግር የአህያ ሰኮና ሆነ ብሎ ያወራው፣ ማንም አዝዞት አይደለም።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ክርክር ልመለስ። የሚረዳቸው አንድ ብርቱ ማስረጃ አለ፤ እርሳቸው ስላላነሡት እኔው ላንሣላቸው። ናሁም ቴት የሚባል አየርላንዳዊ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1681 የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» እንደ ገና ጽፎ፣ ሊርንና ልጁን ኮርዴሊያን ከሞት አድኖ፣ እርሷንም ድሮ ተውኔቱን በደስታ ጨረሰው። የለንደን ሰው ከ150 ዓመት በላይ በመድረክ ያየው ይህንኑ ነው። ታዲያ ደስታ አልኖረምን? ኖሯል፤ የኖረው ግን ዋናው ከመድረክ ተከልክሎ ሳለ ነው። በ1838 የሼክስፒር ተውኔት ተመልሶ ሲቀርብ የቴት ሥራ ተሸነፈ፤ ዛሬ የሚያነሡት አስተማሪዎች ናቸው፤ ያውም ለማሣቅ።

ነገሩም እንዲህ መሆኑ አይደንቅም። በባልደረባዬ ደብተር ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በአንዲት ልጅ እንባ የሚለሰልሱ ሰው ከሆኑ፣ ጉዱ ካሳ ያንን ሁሉ ዘመን የተናገረው በምን ላይ ነበር? አገሩ እብድ ያለው ሰው በእርግጥ እብድ ነበር ማለት ይሆናል። እናቲቱስ ስለ በዛብህ የተሳለችው ስለት ወዴት ሄደ? ሠርጉ የተደገሰው እነዚህን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ ነው። በዚህ ደግሞ እኔ ራሴ ንጹሕ አይደለሁም። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሠርግ ጽፌ በክፍሉ ውስጥ አዙሬዋለሁ፤ ሁሉም ወደደው፤ ከፋሲካ በኋላ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የቆየው የሌላ ሰው ሥራ ነው። በዘነበወርቅ፣ ባደግሁበት በሆስፒታሉ አጠገብ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዲት የጎጃም እናት፣ እማማ የምንላቸው፣ ፊደል የማያውቁ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ያዙት። ማታ ማታ ለሠፈር ልጆች ሲነግሩን፣ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከወጣችበት ስፍራ ሲደርሱ ዘወትር ይቈያሉ። ሰብለ ከአንዲት መበለት ደጅ ቆማ «የእግዜር እንግዳ» ትላለች። መበለቲቱም ውኃ አሙቃ የእንግዳውን እግር ልታጥብ ትቀርባለች። እግሩን በእጇ ስትይዘው መንገድ የማያውቅ፣ ልስልስ የሴት እግር ነው። ቀና ብላ ፊቷን ታያለች፤ ምንም አትልም። ዐጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ መደብ አንጥፋ፣ «አባቴ፣ ደኅና ይደሩ» ትላታለች።

ኋላ መጽሐፉን በእጄ ሳገኝ ያንን ሌሊት ገጽ በገጽ ፈለግሁት፤ የለም። የእማማ ነበር። እርሳቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆነ፤ አብረውኝ ያዳመጡት ልጆች ግን ዛሬ ለልጆቻቸው ይነግሩታል። አንድ አስተማሪ ወዳጄ «በመጽሐፉ ውስጥ አለ» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ መጽሐፉን ይዤለት እስክሄድ ድረስ አላመነኝም። እማማ በዛብህን አላዳኑም። ሰብለ በማግሥቱ ተነሥታ የምትሄደው ወደዚያው ወደ መቃብር ነው። እርሳቸው የጠየቁት አንዲት የፊታውራሪ ልጅ ያንን አገር ስታቋርጥ ማን ዐይቶ ዝም አላት የሚለውን ብቻ ነው። እርሳቸውም በዚያው መንገድ በታመመ እግር የመጡ ነበሩ፤ የእርሳቸውን እግር ማን እንዳጠበላቸው ግን አንድም ቀን አልነገሩንም።

ለባልደረባዬ ደብተሩን ስመልስ ከሠርጉ ምዕራፍ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፌበታለሁ፦ «ጉዱ ካሳ በዚህ ሠርግ ላይ ከየት ተቀመጠ?» እስከ ዛሬ መልስ አልሰጡኝም፤ ትናንት ግን በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ሲያገኙኝ ያንን ምዕራፍ አውጥቼ እንደ ገና እየጻፍኩት ነው አሉኝ።