ከሜዳ ሲወጣ ያልፈረሰው ቡድን

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር መነሻው አንድ ካናቴራ ነው። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ከሰልባጅ ተራ አረንጓዴ ካናቴራ ገዝቶ መጣ። ደረቱ ላይ የጥንት ግሪክ ወታደር የራስ ቁር ተሥሎበታል፤ ከሥሩም የአሜሪካው የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስም ተጽፏል። ልጁ የገዛው ለብርዱ ብሎ ነው እንጂ ስለ ጽሑፉ ደንታም አልነበረው። ነገር ግን የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ሰብሰብ ካልን ነገር መፈለጋችን አይቀርምና፣ «ለመሆኑ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በታሪኩ ካሰለፋቸው ፖይንት ጋርዶች ሁሉ የሚበልጠው ማነው?» የሚል ጥያቄ ተወረወረ። እነሆ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን አልበረደም። መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ በጨለማ ይቀጥላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም የያዝኩትን ይዤ ወደዚህ ግድግዳ መጥቻለሁ።

ጨዋታውን ለማያዘወትሩ አንባቢያን ጥቂት ላስረዳ። ፖይንት ጋርድ ማለት ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ የሚወጣ፣ አሠልጣኙ ያሰበውን በሜዳ ላይ የሚያስፈጽም፣ ማን የት መቆም እንዳለበት በእጁ እያመለከተ ለጓደኞቹ ኳስ የሚያከፋፍል ተጫዋች ነው። ያቀበለው ኳስ ወዲያው ወደ ነጥብ ከተለወጠ «አሲስት» ተብሎ ይመዘገብለታል። እንግዲህ ሥራው ከማስቆጠር ይልቅ ሌላው እንዲያስቆጥር ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው በ1855 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን የሚገኘው ኢስት ላንሲንግ በምትባል ከተማ ነው። የወንዶቹ ቡድን በ1979 እና በ2000 የአገሩን የኮሌጆች ሻምፒዮና ወስዷል። በሁለቱም ጊዜ ቡድኑን እየመራ ለዋንጫ ያበቃው ስመ ጥር ፖይንት ጋርድ ነበር። ክርክሩ እንዲህ የሚጠነክረውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስም፣ ማንም እንደሚገምተው፣ ኤርቪን «ማጂክ» ጆንሰን ነው። የዚያው የላንሲንግ ልጅ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ረጅም ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ይቆማል እንጂ ኳስ እየነዳ አይመራም ነበር። እሱ ግን መራ። አሠልጣኙ ጁድ ሂትኮት የመሪነቱን ሥራ ለዚህ ረጅም ልጅ መስጠታቸው በራሱ ድፍረት ነው። በ1979 የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ቡድኑ ደካማ በሚባለው በኖርዝዌስተርን ሳይቀር ተሸንፎ፣ «አለቀለት» ተብሎ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ያገኘው ደግሞ እስከዚያች ቀን 33 ጊዜ ተጫውቶ አንዴም ያልተሸነፈውን፣ በላሪ በርድ የሚመራውን ኢንዲያና ስቴትን ነው። ሚቺጋን ስቴት 75 ለ64 አሸነፈ፤ ማጂክ 24 ነጥብ አስቆጠረ። ያ ጨዋታ በአሜሪካ ከተላለፉት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታዎች ሁሉ ከፍተኛውን የቴሌቪዥን ተመልካች ድርሻ ያገኘ ነው ይባልለታል።

ሁለተኛው ስኮት ስካይልስ ነው። አጭር ነው፤ 1 ሜትር ከ85 ብቻ። ሲጫወት ግን ግንብ የሚገፋ ይመስል ነበር። በ1985-86 የውድድር ዘመን በአማካይ በየጨዋታው 27.4 ነጥብ አስቆጥሯል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከሩቅ ለተወረወረ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው መስመር በአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ በሥራ ላይ የዋለው ከ1986-87 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ስካይልስ በ1985-86 ከሩቅ የወረወረው ሁሉ የተቆጠረለት በሁለት ነው። በዚያው ዓመት ከካንሳስ ጋር ሲጫወቱ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት የሜዳው ሰዓት ለጥቂት ሴኮንዶች ተገትሮ ቀረ። ካንሳስ አቻ አድርጎ በጭማሪ ሰዓት 96 ለ86 አሸነፈ። ስካይልስ ዋንጫ የለውም፤ ዋንጫ የሌለው ግን ስለማይችል ነው የሚለኝ ካለ ያንን ሰዓት ያስታውስ።

ሦስተኛው ካሲየስ ዊንስተን ነው። የዲትሮይት ልጅ ነው። በ2019 በአሠልጣኝ ቶም ኢዞ እየተመራ ታላቁን ዱክን 68 ለ67 ሲያሸንፉ 20 ነጥብና 10 አሲስት ነበረው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታናሽ ወንድሙ ሞተ፤ እሱም በማግስቱ ለብሶ ገባና ተጫወተ። 17 ነጥብ አስቆጥሮ 11 አሲስት ሰጠ። በ2020 ጨዋታውን ሲፈጽም የአሲስቱ ድምር 890 ደርሶ ነበር። የመጨረሻውን ታላቅ ውድድር ግን የኮሮና ወረርሽኝ አስቀረበት። ባለ ካናቴራው ልጅ የሚሟገተው ለሱ ነው፤ «ቁጥር አይዋሽም!» እያለ።

አራተኛው ማቲን ክሊቭስ ነው። ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ክርክሩን በዶርም ብቻ አልተውነውም፤ እራት ለመብላት ተሰልፈን ሳለንም ቀጠልን። ያን ጊዜ ከኋላችን የቆመች አንዲት እጩ መምህርት፣ «እናንተ፣ ዩኒቨርሲቲው የሴት ቡድን የለውም እንዴ?» ብላ አሳፈረችን። እውነቷን ነው። በ2005 የሚቺጋን ስቴት ሴቶች ለፍጻሜ ሲደርሱ ፖይንት ጋርዳቸው ክሪስቲን ሄይኒ ነበረች። በግማሽ ፍጻሜው በቴኔሲ በ16 ነጥብ ተመርተው፣ ከዚያ ተነሥተው 68 ለ64 አሸነፉ። በፍጻሜው በቤይለር 84 ለ62 ተሸነፉ እንጂ የሠሩት ሥራ ትንሽ አይደለም። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንጮህ የሄይኒን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣንም። ነገ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ተቀምጦ በሚማርበት ክፍል ፊት ልንቆም ነው እኮ! ምስጋናዬ ለእህታችን ይድረሳት።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በበኩሌ ሦስት መለኪያ አለኝ።

አንደኛ፣ መቆጠር ያለበት በኮሌጁ ሳለ የሠራው ብቻ ነው። ማጂክ በኋላ በሎስ አንጀለስ የወሰዳቸው ዋንጫዎች ለዚህ ክርክር አይረዱትም። ስካይልስም በ1990 ለኦርላንዶ ሲጫወት በአንድ ጨዋታ 30 አሲስት መስጠቱ ድንቅ ነው፤ ግን የኮሌጅ ሥራው አይደለም። የዘንድሮን ፈተና በሚመጣው ዓመት ውጤት ማረም ይቻላል እንዴ?

ሁለተኛ፣ የተለያየ ዘመን ተጫዋቾችን በአንድ ቁጥር መለካት አይገባም። የስካይልስን ነገር ከላይ ተናግሬያለሁ። የዊንስተን 890 ከክሊቭስ 816 ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ክሊቭስ በመጨረሻው ዓመት እግሩ ተሰብሮ የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ማጂክ ደግሞ የተጫወተው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቁጥር አይዋሽም፤ ሁሉንም ግን አይናገርም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በሌሎች ላይ ምን ትቶ አለፈ? የሚለው ነው።

እንግዲህ ክሊቭስ። የፍሊንት ልጅ ነው፤ መኪና የሚሠራባት፣ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉ ብዙ ሰው ሥራ ያጣባት ከተማ ናት። ከዚያችው ከተማ ከመጡት ከሞሪስ ፒተርሰንና ከቻርሊ ቤል ጋር አብሮ ስለ ተጫወተ ሕዝቡ «ፍሊንትስቶንስ» ብሎ ሰየማቸው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሩቅ ወርውሮ የሚያገባ ተጫዋች አልነበረም፤ ይህን የማይደበቅ ጉድለት እቀበላለሁ። በ1999 ቡድኑን እስከ ግማሽ ፍጻሜ አድርሶ ተሸነፈ። ወደ ገንዘቡ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ለአራተኛ ዓመት ተመለሰ። እግሩም ተሰበረ። ድኖ ሲመለስ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ 20 አሲስት ሰጠ፤ ቡድኑም 114 ለ63 አሸነፈ።

የፍጻሜው ዕለት፣ ከፍሎሪዳ ጋር፣ ከዕረፍት በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንደ ተጫወቱ ክሊቭስ ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ ተገጭቶ ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እየተደገፈ ወጣ። ሚቺጋን ስቴት እየመራ ነበር። ታዲያ መሪው ሲወጣ ምን ሆነ? ምንም አልሆነ! ጨዋታው ቀጠለ፤ ልዩነቱም አልጠበበም። ክሊቭስ እግሩን አሳሽጎ እያነከሰ ተመልሶ ገባ፤ 89 ለ76 አሸነፉ። ከፍተኛውን ነጥብ ያስቆጠረው ፒተርሰን ነው፤ 21። ክሊቭስ 18 አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

ከዚህ ላይ ባለ ካናቴራው ልጅ ዘሎ ይነሣል። «አየህ! እሱ ባይኖርም ያሸንፉ ነበር። ታዲያ ምኑ ነው ታላቅነቱ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ሦስት ቀን መልስ አሳጥቶኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከሜዳ አይደለም፤ ከክፍል ነው።

ባለፈው መንፈቅ ለማስተማር ልምምድ ተመድቤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ክፍልፋይ ነው። የትምህርት ዕቅዴን አሳምሬ ጽፌያለሁ፤ ድምፄም ጥሩ ነው፤ ሰሌዳው በጽሑፌ ተሞልቷል። ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ራሴው እመልሳለሁ። ካልመለስኩም ከፊት የተቀመጡትን ሦስት ጎበዞች ብቻ እጠራለሁ። ከኋላ ሆነው የሚገመግሙኝ መምህሬ ዝም ብለው ይጽፋሉ። ጠመኔ አለቀብኝና ላመጣ ወጣሁ። ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ስመለስ የክፍሉ ጫጫታ ከውጭ ይሰማል፤ አንዱ ዴስክ ላይ ቆሟል፤ የሰጠኋቸውን ጥያቄ አንድም ልጅ አልሠራም። መምህሬ በግምገማው ወረቀት ላይ፣ «አንተ ስትወጣ ትምህርቱም አብሮህ ወጣ» ብለው ጻፉልኝ። ያን ቀን አኮረፍኩ። ጥፋቱ የልጆቹ መስሎኝ ነበር።

አሁን ግን ገባኝ። እኔ ነጥብ አስቆጣሪ ነበርኩ እንጂ አቀባይ አልነበርኩም። ኳሱን ለማንም አልሰጠሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን በአምስት በአምስት ከፋፍዬ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ለቡድኗ ብርቱካን ቆርጣ ክፍልፋይን እንድታስረዳ አደረግኩ። ያን ዕለት ሆን ብዬ ወጣሁ። ጫጫታው ነበር፤ ግን የክርክር ጫጫታ ነበር። «ሩብ ይበልጣል? ሲሶ ይበልጣል?» እየተባባሉ።

ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። ክሊቭስ በወጣባቸው ደቂቃዎች ቡድኑ አለመፍረሱ ከታላቅነቱ አይቀንስም፤ የታላቅነቱ ማስረጃ ነው። «አሠልጣኙ ነው ያቆያቸው» የሚል ካለም፣ አሠልጣኙ ዳር ቆሟል፤ በሜዳ ላይ ያሉት ለዓመታት ከክሊቭስ ጋር የሮጡ፣ ኳስ ከእጁ የተቀበሉ ልጆች ናቸው። ተሰጥኦ በሚባለው ከሆነ ማጂክን የሚያህል የለም፤ ዩኒቨርሲቲው ካፈራቸው ተጫዋቾች ሁሉ ይበልጣል ቢባል እጄን አነሣለሁ። በብቸኝነት በመሸከም ስካይልስ፣ በድምርና በጽናት ዊንስተን ይበልጣሉ። የፖይንት ጋርድ ሥራ ግን ሌላውን ማብቃት ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው አራት ዓመት የቆየውን፣ ተሸንፎ የተመለሰውን፣ ሲወጣም ቡድኑ ያልፈረሰበትን ክሊቭስን ነው።

ነገሩ ለእኛ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንመደበው በየገጠሩ ነው። መምህር የሚታመምበት፣ ለስብሰባ ወረዳ የሚጠራበት፣ ወንዝ ሞልቶ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። በነዚያ ቀኖች ልጆቹ ምን ይሆናሉ? መልሱ የሚወሰነው እኛ በሌለንበት ቀን ሳይሆን በነበርንበት ቀን በሠራነው ነው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለክቡራን መምህሮቻችን ነው። በማስተማር ልምምድ ስንገመገም የድምፃችንና የሰሌዳ አጠቃቀማችን ነጥብ እንዳለ ሆኖ፣ እባካችሁ እጩውን ለአምስት ደቂቃ ከክፍል አስወጡትና ልጆቹን ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን ስጡ። ሁለተኛው ለእኛ ለእጩ መምህራን ነው። ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ባለው፣ መረቡ በተበጠሰው ሜዳችን ለክፍላት ውድድር አምበል ስንመርጥ ብዙ ያገባውን ብቻ አንይ፤ ማን ለማን እንዳቀበለ እንቁጠር። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ዳር የሚቆም ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ።

የማጂክም ሆነ የዊንስተን ጠበቃ የሆናችሁ ሁሉ፣ ግድግዳው ሰፊ ነው፤ መልሳችሁን ጻፉና ከዚህ ጎን ለጥፉት። ባለ ካናቴራው ጓደኛዬ ብዕሩን አንሥቷል አሉ። ብርዱ እስኪያልፍ ካናቴራውን እንደማያወልቅ፣ ሐሳቡንም እንደማይለውጥ አውቃለሁ።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህር