ልገሳው ለሚያስተምረውም ሰው ይድረስ
የአቋም መግለጫ

እኛ በሙዚየም ሥራ፣ በሥዕልና በሥነ ጥበብ መምህርነት የተሰማራን የባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ ለሙዚየሞች የሚሰጠው የበጎ አድራጎት ገንዘብ ለወጣቶች የጥበብ ትምህርት እንዴት መዋል እንዳለበት ተወያይተን የሚከተለውን አቋም ይዘናል።

ልገሳ ለሙዚየሞቻችን ያደረገውን በምስጋና እናስባለን። በ1960ዎቹ መባቻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዳጆች ማኅበር ባሰባሰበው ገንዘብ ቅርሶች እየገዛ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ላለው ሙዚየም አበርክቷል። በሐረርም አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት ቅርስ ዛሬ ሕዝብ የሚጎበኘው ሙዚየም ሆኗል። ሆኖም ዕቃ የሚገዛና ጣሪያ የሚያድስ ለጋሽ ሲገኝ፣ ከዕቃው አጠገብ ቆሞ ልጆችን ለሚያስተምር ሰው ደመወዝ የሚከፍል ግን እምብዛም አይገኝም። ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው።

የብሔራዊ ሙዚየምን የትምህርት ቤት ጉብኝት እናንሳ። ተማሪዎች በሰልፍ ገብተው ምድር ቤት ድንቅነሽን ያያሉ፤ አስጎብኚው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳል፤ አውቶቡሱ ውጭ ይጠብቃል። ሥዕሎቹ ያሉት ላይኛው ፎቅ ነው። እዚያ የሚደርሱትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ እያለፉ ነው የሚያዩት። አንድ ልጅ አንድን ሥዕል ለማየት ወለል ላይ መቀመጥ፣ ሠዓሊው ብርሃኑን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ፣ እርሳስ ይዞ መሞከር፣ አጥፍቶ እንደገና መጀመር አለበት። ይህ ጊዜ፣ ወረቀትና ቀለም፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠነ የሙዚየም መምህር ይፈልጋል። የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ መካተቱ አስደስቶናል። ትምህርቱን የሚሰጡ ብዙ መምህራን ግን ለተማሪዎቻቸው የሚያሳዩት አንድም ኦሪጅናል ሥራ በአቅራቢያቸው የላቸውም።

ልጆች በሙዚየም ውስጥ መማር እንደሚችሉ ያየንበት ቦታ አለ። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. በተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግቢ ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ ከጭቃና ከጭድ በተሠሩት ግድግዳዎች መካከል እየተማሩ ያድጋሉ። ሁሉም ሙዚየም ዞማን ይምሰል አንልም፤ ልጆች በየጊዜው የሚመለሱበት ቦታ ግን መሆን አለበት።

ስለዚህ ለሙዚየም የሚሰጥ ማንኛውም ልገሳ የተወሰነው ክፍል ለትምህርት እንዲመደብ እንጠይቃለን። ድጋፉም ለአንድ ዐውደ ርእይ መክፈቻ ሳይሆን ቢያንስ ለ3 ዓመት ሊዘልቅ ይገባል፤ የሙዚየም መምህር በአንድ ወቅት አይበስልም፣ የትምህርት ቤት እምነትም እንዲሁ። የመምህሩ ክፍያ የፕሮግራም ወጪ እንጂ የአስተዳደር ወጪ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ሲገድብ፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይያያዘውን ወጪ ነው ያሰበው። ለጋሾችም ሆኑ ተቆጣጣሪዎች ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን።

የለጋሹ ስም ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ደስ ይለናል። ልጆች የትኛውን ሥራ እንደሚያዩና ስለ እሱ ምን እንደሚነገራቸው መወሰን ግን የሙዚየሙ ባለሙያዎች ድርሻ ነው፤ በዚህ አንደራደርም። ልገሳ መንግሥት ለሙዚየሞች የሚመድበውን በጀት መቀነሻ ምክንያት መሆንም የለበትም።

ቅድሚያ የትራንስፖርት ገንዘብ ለሌላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ወጣቶች እንዲሰጥ እንጠይቃለን፤ አውቶቡስ መከራየት ራሱ የጥበብ ትምህርት ወጪ ነው። ማየት ለተሳናቸው ልጆች በእጅ የሚዳሰሱ ቅጂዎች ይሠሩ።

እኛም በበኩላችን አባሎቻችን የክወናና እይታ ጥበባት መምህራንን በየአካባቢያቸው ሙዚየም ያለ ክፍያ እንዲያሠለጥኑ ወስነናል። ፈቃደኛ የሆኑ ሙዚየሞች አንድ ክፍልና የሳምንቱን አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡን።