«እኔ እዚህ ልቀመጥ፤ እናንተ ዙሩ»

ልጇ ውጭ አገር የምትኖር እናት አውሮፓን የምታየው ብዙውን ጊዜ ለአራስ ጥየቃ ስትጠራ ነው። ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃን ታጥባለች፣ ሽሮና በርበሬውን ከሻንጣ አውጥታ በየዕቃው ትሞላለች፤ የቪዛዋ 90 ቀን ሲያልቅም ትመለሳለች። ጎረቤት «አገሩ እንዴት ነው?» ሲላት የምታወራው ስለ ብርዱና ስለ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ነው። ከፍ ካሉት የልጅ ልጆቿ ጋር ደግሞ በመሳሳምና በ«ቻው» ብቻ ተግባብታ ትለያለች።

ባለፈው ጥቅምት እናቴን ይዤ ሚላኖ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ስሄድ ያሳሰበኝ ይህ ነበር። እህቴ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሏት። ሁለቱም አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን በጣሊያንኛ ነው። አያታቸውን «ኖና» ይሏታል። እናቴ 73 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። እህቴ ከሥራ የምታርፈው አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለነበር ቬኒስን መረጥን።

እህቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። ቬኒስ ከመቶ በላይ በሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ ከ400 በላይ ድልድይ ያላት ከተማ ናት፤ አብዛኛው ድልድይ ደግሞ ደረጃ አለው። «እማዬ በምን ጉልበቷ?» አለች። ነገሩ ግን ሌላም ገጽታ አለው። በከተማዋ ውስጥ መኪና የለም፤ ብስክሌት እንኳ ክልክል ነው። ልጅ ቢሮጥ የሚያሰጋው ውሃው ብቻ ነው። የሕዝብ ማመላለሻውም «ቫፖሬቶ» የሚባል ጀልባ ነው። ስለዚህ ማረፊያ ስንፈልግ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ ከጀልባ ማቆሚያው እስከ በሩ ስንት ድልድይ አለ? ሊፍትስ አለው? ድልድይ የሌለበትና ሊፍት ያለው፣ በሰሜኑ ዳርቻ ተገኘ።

ዓርብ ማታ ከሚላኖ ሁለት ሰዓት ተኩል በባቡር ተጉዘን ገባን። የባቡር ጣቢያው ደጅ ውሃ ነው፤ ከዚያው በጀልባ ተሳፈርን። ትንሹ ልጅ ቤቶቹ ለምን እንደማይሰምጡ ደጋግሞ ጠየቀ። መሠረታቸው ጭቃ ውስጥ ተጠጋግቶ የተተከለ ግንድ ነው፤ ከውሃው ሥር አየር ስለማያገኘው ለዘመናት ሳይበሰብስ ይቆያል። እናቴም ይህን ሰምታ «የእግዜር ሥራ!» አለች።

ጾም ስለነበር እራት ፓስታ በቲማቲም ስጎ አዘዝን። አስተናጋጁ ፎርማጆውን ሊነሰንስበት ሲጠጋ እናቴ እጇን ሳህኑ ላይ ዘርግታ «ፎርማጆ አልፈልግም! ፎርማጆ የለም!» አለችው። ሰውየው ወዲያው ገባውና ወደ ኋላ አለ። ልጅቷ አያቷን አፍጥጣ አየቻት። ጣሊያንኛ የምታውቅ መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቁጥሩን ቫፖሬቶ ይዘን በትልቁ ቦይ ወረድን። ይህ መስመር በየማቆሚያው ስለሚቆም ከጣቢያው እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአያትና ለሕፃን ግን እንዲህ ያለ ጉብኝት የለም፤ በ1591 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው በሪያልቶ የድንጋይ ድልድይ ሥር ሳይቀር ተቀምጠው ያልፋሉ።

አደባባዩ ላይ ስንወርድ እናቴ «ቅዱስ ማርቆስ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል? ግብፅ አይደለም እንዴ ያረፈው?» አለች። ታሪኩን ነገርኳት። በ828 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ነጋዴዎች አጽሙን ከእስክንድርያ አውጥተው አመጡት፤ በትውፊቱ እንደሚነገረው ጠባቂዎቹ እንዳይፈትሹት በአሳማ ሥጋ ሸፍነውት ነበር። «ሰርቀው ነዋ!» አለች፤ ልጆቹ ሳቁ። በ1968 እ.ኤ.አ. ከአጽሙ ከፊሉ ወደ ግብፅ መመለሱን ስጨምርላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ጃንሆይ ካይሮ የሄዱ ጊዜ ነው፤ በራዲዮ ሰምተናል» አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያ ሰኔ በካይሮ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ንጉሡ ተገኝተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያስጎበኘችን እሷ ነች። በየሕንፃው ላይ ያለው አንበሳ ለምን ክንፍ እንዳለው ልጆቹ ሲጠይቁ፣ ስለ አራቱ እንስሳ ነገረቻቸው፦ የማቴዎስ ገጸ ሰብእ፣ የማርቆስ ገጸ አንበሳ፣ የሉቃስ ገጸ ላህም፣ የዮሐንስ ገጸ ንስር። እህቴ ወደ ጣሊያንኛ መለሰችላቸው። ትንሹ አንበሳ መቁጠር ጀመረ፤ አያቱ ደግሞ እጁን ይዛ በአማርኛ አስቆጠረችው። «አንድ አንበሳ፣ ሁለት አንበሳ…» አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ከአንድ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለመግባት ትከሻ መሸፈን ግድ ነው። ነጠላ የለበሰችው እናቴን ማንም አላስቆማትም።

ከሰዓት በኋላ የምጠብቀው ነገር መጣ። ሦስተኛው ድልድይ ሥር ስትደርስ «እኔ እዚህ ልቀመጥ፤ እናንተ ዙሩ» አለች። ይህን ያላለች እናት የለችም። እኛም አብዛኛውን ጊዜ «እሺ፣ ቶሎ እንመለሳለን» እንላለን፤ ዞረን ስንመጣ ቦርሳችንን አቅፋ ትጠብቀናለች። እኔና እህቴ ግን ከሚላኖ ሳንነሳ ተማክረን ነበር፤ እሷ ከተቀመጠች ከልጆቹ አንዱ አብሯት ይቀመጣል። ተራው የልጅቷ ሆነ። አኩርፋ ተቀመጠች።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ስንመለስ ልጅቷ ናፕኪን ላይ ትጽፋለች፣ እናቴ ትቆጥራለች። ልጅቷ የማታውን ፎርማጆ አንስታ ሌላ ምን እንደምታውቅ ጠይቃት ነበር። ቦርሳ፣ ጎማ፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ላቫንዲኖ። አንዳንዱ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቢለወጥም ሁሉም ለልጅቷ የቤቷ ቃል ነው። ግማሹ ከነጋዴውና ከመካኒኩ፣ ግማሹ ከወራሪው ጋር ወደ እኛ የገባ ነው። «ኖና፣ ማን አስተማረሽ?» ስትላት እናቴ «ጣሊያን ሲባረር ላቫንዲኖውን ትቶት ሄደ» አለች። ልጅቷ ይህን እንድናስረዳት ማታውን ሙሉ ጠየቀችን፤ የአምስቱን ዓመት ታሪክ ከቤተሰቧ አፍ የሰማችው ያን ቀን ነው።

እሁድ ወደ ቡራኖ ደሴት ተሻገርን፤ በጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በመንገዳችን በግንብ የታጠረ፣ ጥድ የበዛበት ደሴት አለፍን። የከተማዋ መቃብር ነው። «ሬሳውስ በምን ይሄዳል?» አለች እናቴ። በጀልባ መሆኑን ስትሰማ አማተበች።

ቡራኖ ቤቶቿ በየቀለሙ የተቀቡ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት፤ ስሟን ያስጠራት ግን በእጅ የሚሠራው ዳንቴል ነው። የእኛ ቤት ሶፋና ቴሌቪዥን በእናቴ ዳንቴል ተሸፍኖ ያደግን ልጆች ነን፤ ስለዚህ የዳንቴሉን ሙዚየም አስቀድመን መርጠነው ነበር። አንዲት አዛውንት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይሠራሉ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። «ኪሮሽ የለውም እንዴ?» አለች። እህቴ አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኔን ጣልኩባት፤ ዝም አለች። ልጅቷ ማስተርጎም ጀመረች።

አዛውንቷ በመርፌና በክር ብቻ እንደሚሠራ፣ ቀድሞ አንዱን ጨርቅ ብዙ ሴቶች እየተቀባበሉት እያንዳንዷ የምታውቀውን ስፌት ብቻ ትሠራበት እንደነበር ነገሯት። ልጅቷ ቃል ጠፋት፤ እያመለከተች «ይሄ ምንድን ነው?» አለች በአማርኛ። «መርፌ» አለቻት አያቷ። «ይሄስ?» «ክር።» አማርኛው የተሰባበረ ነበር፤ ግን እናቴ ሁሉንም ሰማች፤ ጠየቀች፤ መልስ አገኘች። ስንወጣ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ዳንቴል በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ «ይሄ የፋብሪካ ነው» አለች። ልጅቷ «ፋብሪካ!» ብላ ናፕኪኗን አወጣች።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። የቫፖሬቶ ትኬት ለአንድ ጊዜ 9.50 ዩሮ፣ ለ24 ሰዓት 25፣ ለ48 ሰዓት 35 ዩሮ ነው፤ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይከፍልም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደርሰው ለሚመለሱ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት የመግቢያ ክፍያ አለ፤ የሚያድር አይከፍልም። በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላት ያስቀጣል። የሚጠጣ ውሃ ግን በየሰፈሩ በነፃ ይቀዳል፤ ጠርሙስ ያዙ። ቡና በባንኮኒው ቆሞ ከጠጡት ረከስ ይላል፤ ለእናት ግን ወንበሩን ክፈሉላት።

ቬኒስ የግድ አይደለችም። ሩቅ የሚኖሩ ልጆች ያሏችሁ አያቶች፣ ስትጠሩ ከወጥ ቤቱ የምትወጡባቸው ሁለት ቀናት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጆችም ቦታ ስትመርጡ እናታችሁ የምታውቀው፣ የምትናገርበት ነገር ያለበትን ምረጡ፤ ከተቀመጠችም ብቻዋን አትተዉአት። እናቴ ስትመለስ አንዱን ኪሮሿን ለልጅቷ ትታላት መጣች። አሁን እሁድ እሁድ ስልኩ ላይ የሚታየው ፊት ሳይሆን ጣት ነው። «እንዲህ ነው?» ትላለች ልጅቷ። «አይ፣ ፍቺው» ትላለች እናቴ።